አሉሚኒየም ሲወደድ አልጋ ላይ የሆነብኝ

ስሜን አልጽፍም። ዕድሜዬ 37 ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሥራዬ የአሉሚኒየምና የብረት በርና መስኮት ነው። ከዚህ በላይ ካወራሁ አማቴ ታውቀኛለች።

የምጽፈው ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው «ወሲብ ለምን አቃተኝ» እያሉ ስልካቸውን ለሚጠይቁ ወንዶች ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዛ ነበርኩ። ካገኘሁት ግማሹ የማርና የቅባት ማስታወቂያ ነው፣ ግማሹ ቀልድ። የሚረባኝ ነገር ግን አጣሁ። ሴቶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ የባለቤቴም ታሪክ አለበት፣ አስፈቅጃታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለበት ቀን። ከዛ በፊት ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ 100 አለፈ። እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ የሦስት ቤት ሥራ ቀብድ ተቀብያለሁ። ዋጋ ተቆርጧል፣ ውል ተፈርሟል። ፕሮፋይሉም (ፍሬም የምንሠራበት አሉሚኒየም)፣ መስታወቱም ከውጭ የሚመጣ ነው። መርካቶ ስሄድ ነጋዴው «የባለፈውን ዋጋ እርሳው» አለኝ። ከቀብዱ ግማሹን የወርክሾፕ ኪራይ ከፍዬበታለሁ፣ የቀረውን እቁብ ሞልቼበታለሁ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጠራ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ጣሪያ እያየሁ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ጥርሴን እንደማፋጭ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ጠዋት መንጋጋዬን ሲያመኝ ለካ እሱ ነው። ያኔ «ጭንቀት» የሚለው ቃል ራሱ ትዝ አላለኝም። ሥራ በዝቶብኝ ነው የምለው። ጭንቀት የሀብታም በሽታ ይመስለኝ ነበር።

በእኔ ላይ መጀመሪያ የሄደው አቅም አልነበረም፣ ፍላጎት ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አይታወቅም። ባለቤቴ ታጥባ፣ ተቀባብታ ስትመጣ ደስ ትለኛለች፤ ግን እንደ ቆንጆ ሥዕል ነው የማያት። «ዛሬ ደክሞኛል» እላለሁ። ነገም ደክሞኛል። አንድ ቀን ስትቆጥረው አምስት ሳምንት ሆኖናል።

ከዛ ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ማታ ነው፣ «ኧረ ነውር ነው» ብዬ ራሴን ገፋሁ። ተጀመረ፣ መሃል ላይ ደንበኛ «መስኮቴ የት ደረሰ?» ያለኝ ትዝ አለኝ፣ አለቀ። ብልቴ እንደ ፊኛ ተነፈሰ። ባለቤቴ «ምንም አይደል» አለች። እኔ ግን ግድግዳውን ዞሬ ተኛሁ። አሁን ሳስበው የጎዳኝ ያ ቀን ሳይሆን መዞሬ ነው።

ምክንያቱም ከዛ በኋላ አልጋው ሌላ ወርክሾፕ ሆነብኝ። እንደ ፎርማን ቆሜ ራሴን መቆጣጠር ጀመርኩ። «ቆመ? ይቆያል? ወረደ?» ልብ በሉ፣ ፎርማን ቆሞ እያየው ደህና የሚበይድ ሠራተኛ አላየሁም። ሁለተኛው ቀንም አልሆነም፣ ሦስተኛውም። ከዛ መሸሽ ጀመርኩ። እሷ እስክትተኛ ሳሎን ኳስ አያለሁ። ድግግሞሽ ሳይቀር።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ነገር ስጽፍ አፍራለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ጫት ያነሳሃል» አለኝ። ከሰዓት መቃም ጀመርኩ። ምርቃናው ላይ እውነትም ጀግና ነኝ፤ ዕዳዬን ሁሉ በወረቀት ላይ ከፍዬ እጨርሳለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ የለም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ያስፈልጋል፣ ሦስት አራት ቢራ። ቤት ስገባ በጫት የነቃሁ፣ በቢራ የደነዘዝኩ ሰው ነኝ። ከዛ ሰው ምን ይጠበቃል? ኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ራሱ ሰውነት ሲጨነቅ የሚነሳውን የድንጋጤ ሥርዓት ነው የሚቀሰቅሰው፤ ልብ ያፈጥናል፣ የደም ሥር ያጠባል። በእሳት ላይ ቤንዚን እየጨመርኩ ነበር።

ይኸው ጓደኛዬ ከኪሱ ማሸጊያ የሌለው ሰማያዊ ክኒን አውጥቶ ሰጠኝ። አንድ ቀን ሠራ። ፊቴ ቀላ፣ ራሴን እንደ መዶሻ መታኝ፣ ግን ሠራ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፣ ፊቷን ሳታጠቁር «ወንድሜ፣ ለደረት ሕመም ወይም ለልብ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ናይትሬት የሚባል የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊል (የሰማያዊው ክኒን ስም ነው) ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት እንደሚችል ነገረችኝ። «ግፊትህንስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም። ያቺን ልጅ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ክኒኑ በሁለተኛው ጊዜ ምንም አልሠራልኝም። ለካ ፍላጎት አይፈጥርም፤ ሰውነት የጀመረውን ነው የሚያግዘው። እኔ ጋ ደግሞ የሚጀመር ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሃል ምን እያሰበች ነበር? ሌላ ሴት። ስልኬን ደብቄ ማውራቴን አይታለች፤ የምደበቀው ከቀብድ ሰጪዎች ነው። ማታ አርፍጄ መምጣቴን፣ አለመንካቴን አይታለች። ሰው ምን ይደምድም? እኔ ዝም ስል እሷ ለዝምታዬ ትርጉም ሰጠችው።

እሷ ላይ የደረሰው ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው። የወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመጣ፣ ሰዓት የሚሞላበት ነበር። ታኅሣሥ ላይ 45 ቀን ቆየ። እኔ ሳላውቅ የእርግዝና መመርመሪያ ገዝታለች። በዛ ወር አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም በወጉ ሳይሆን፣ አብረን እንደነበርን እያወቀች። እርግዝና የለም። ከጥር በኋላ የወር አበባዋ ጭራሽ ቀረ። እንግዲህ ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ መፈለግ ከጀመርን ሁለት። እናቷ በየስልኩ «ልጄ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አንዷ ዘመድ «አስደግመውባችሁ ነው» ብላለች። ባለቤቴ ሁሉንም በራሷ ላይ ወሰደችው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ሱባኤ ያዘች፣ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ጾመች፣ የምግብ ፍላጎት ስለሌላት ሲፈታም ሁለት ጉርሻ ነው። ልብሷ ሲሰፋባት አየሁ፤ ምንም አላልኩም። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለ «መካን ነኝ» ብላ ስታለቅስ ነው የሰማኋት። ያኔም አልተናገርኩም። እውነቱ ይሄ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ሄደች። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ባልሽስ?» ነው። እኔ «ሥራ አለኝ» ብዬ ሁለት ሳምንት አዘገየሁት። የእሷ ምርመራ ተደረገ፦ እርግዝና፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ)፣ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን፣ አልትራሳውንድ። ታይሮይዷ ደህና ነው፣ እንቁላል የሚያመነጨው እንቁልጢዋም ደህና ነው፤ ግን እንቁላል እየለቀቀች አይደለም። ክብደቷ በአራት ወር 7 ኪሎ ወርዷል። ሐኪሟ «አእምሮሽ ዘመኑ ክፉ ነው ብሎ ዘግቶታል» አለቻት። ያን ቀን ማታ ይህን አረፍተ ነገር ስትነግረኝ እኔም አፈረጥኩት። ስለ ቀብዱ፣ ስለ እቁቡ፣ ስለ ክኒኑ። እስከ ሌሊት 7 ሰዓት አወራን። ተቆጣች፣ ደህና አድርጋ። ግን «ሌላ ሴት የለም?» ብላ ደጋግማ ከጠየቀች በኋላ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። የእኔ ውርደት ለእሷ እፎይታ ነበር።

እኔ የሄድኩት ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ጋ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ የማያፍሩ። ወንበር ሳይሞቅ «ጠዋት ስትነቃ ብልትህ ይቆማል?» አሉኝ። አንዳንዴ አልኩ። «ብቻህንስ ስትሆን?» አዎ። ፈገግ አሉ። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ እያለ በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዛም በላይ፣ ይቆምለታል። ያ ካለ ደም ሥሩም ነርቩም መሥራቱን ያሳያል። በቋሚነት ከጠፋ ግን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የደም ሥር ነገር በደንብ መታየት አለበት። የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል፤ ስለዚህ መዘጋት ሲጀምር ቀድሞ እዛ ሊታይ ይችላል። «ጭንቀት ነው ብለህ ራስህን አታሞኝ፣ መጀመሪያ እንለካ» አሉኝ። ስኳር ደህና ሆነ። ግፊቴ 145 በ95፣ ከፍ ያለ ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጠሁ፤ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ተገኘ።

ከዛ እንዴት እንደሚሆን በወረቀት ጀርባ ላይ ሳሉልኝ። ስጋት ሲመጣ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ሌላው ቦታ ያለ ደም ሥር ይጠባል። ብልት የሚቆመው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ደም ሥሩ ላላ ብሎ ሲሞላ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም። «ጅብ ደጅ ቆሞ ሰርግ ይደገሳል?» አሉኝ። ይሄ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስጋቱ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፣ ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን። ከኩላሊት በላይ ካሉ እጢዎች ነው የሚመነጨው። አእምሮ ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ በየተወሰነ ጊዜ ለፒቱታሪ እጢ ምልክት ይሰጣል፣ ፒቱታሪ ደግሞ ለወንዱ የዘር ፍሬና ለሴቷ እንቁልጢ ትእዛዝ ይልካል። የጭንቀቱ መስመር ሁልጊዜ ሲጮህ ይሄኛው ምልክት ይቀዘቅዛል። ወንዱ ላይ ቴስቶስትሮንና የስፐርም ምርት ሊቀንስ ይችላል። ሴቷ ላይ እንቁላል አይለቀቅም፣ የወር አበባ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ምግብ ከቀነሰ ደግሞ ይብሳል።

እኔ በራሴ ቋንቋ ተረዳሁት። ወርክሾፕ ውስጥ መብራት ሲዳከም ብየዳውን አጥፍተን አምፖሉን እናቆያለን። ብየዳ ማሽኑ አልተበላሸም። ኃይሉ ነው ያነሰው። በቤታችን ሁለት ብየዳ ማሽን አንድ ላይ ጠፍቶ ነበር።

የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ አዎ ያሳፍራል። ኩባያ ይሰጣችኋል፣ መቆለፊያው የማይሠራ መጸዳጃ ቤት ያሳዩዋችኋል። እኔ በአንድ እግሬ በሩን ደግፌ ነው የሞከርኩት፤ አልተቻለም። ማንም የማይነግራችሁ ነገር፦ ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ እቤት ወስዳችሁ ማምጣት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ሲመጣ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ፣ እንዳይቀዘቅዝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን መቆጠብ ያስፈልጋል፤ እኔ በዛ በኩል ችግር አልነበረብኝም።

ውጤቴ በአንድ ሚሊ ሊትር 9 ሚሊዮን። የዓለም ጤና ድርጅት የታችኛው መነሻ 16 ሚሊዮን ነው። ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሐኪሙ ግን ሳቁብኝ ማለት ይቻላል። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል። «ይሄ የዛሬው አንተ አይደለህም፣ የየካቲቱ አንተ ነህ» አሉኝ። ጫት፣ ጨብሲ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የዛ ወር ውጤት ነው። ቁጥሩም ከዛ በታች ያለ አይወልድም፣ ከዛ በላይ ያለ ይወልዳል የሚል ድንበር አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ድገመው ተባልኩ። በአንድ ምርመራ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብብ።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ግን አስቂኝ ነበር። ለአራት ሳምንት ወሲብ ክልክል። መነካካት ይቻላል፣ መታሸት ይቻላል፣ አብሮ መታጠብ ይቻላል፣ ወሲብ ግን አይቻልም። ባለቤቴ «እሱማ ስድስት ወር ሠርተነዋል» ብላ ሳቀች። ልዩነቱ አሁን የተፈቀደ መሆኑ ነው። ማታ ማታ እግሯን በቅባት አሻት ነበር፤ እጄ ሸካራ ነው፣ ብረት የነካ፣ «ግራይንደር» ትለኛለች። ፎርማኑ ሥራ ፈታ። የሚቆጣጠረው ነገር የለማ። በሦስተኛው ሳምንት ትእዛዙን ጣስን። ለሐኪሙ ስነግራቸው «ብዙዎቹ ይጥሱታል» አሉ፤ እንደዛም እንዲሆን ነው የሚፈልጉት መሰለኝ።

ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። ዕዳው ቁጭ ብሎ አይቀርማ። «ዘና በል» የሚል ምክር ያናድደኛል፤ ጅቡ ደጅ ላይ እያለ እንዴት ነው ዘና የሚባለው? ጅቡን ነው ማየት ያለብን። ከባለቤቴ ጋር ሁሉንም ዕዳ በአንድ ደብተር ጻፍነው። ድምሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከምደምረው አነሰ፣ ታምናላችሁ? ቪትዝ መኪናችንን ሸጥን። ለአንዱ ደንበኛ ቀብዱን መለስኩ። ከሁለቱ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረን ልዩነቱን ግማሽ ግማሽ ተካፈልን። ሁለቱም እንደሚሰድቡኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አንዱ ብቻ ነው የሰደበኝ።

ጫቱን ስተው የመጀመሪያው ሳምንት አስቀያሚ ነው። ድብርት፣ ቅዠት፣ ቁጣ። ከዛ እንቅልፍ መጣ። መኪና ስለሌለ ጠዋት ጠዋት መሄድ ጀመርኩ፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ጠቀመኝ። በሦስት ወር ግፊቴ 130 በ85 ገባ። ማስጠንቀቂያ፦ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ስንፈተ ወሲብ አመጣብኝ» ብሎ በራሱ እንዳያቆም። አንዳንዶቹ እውነትም ያንን ያመጣሉ፤ ግን ሐኪሙ ሊቀይረው ይችላል። አጎቴ በራሱ አቁሞ በስትሮክ ወድቋል።

ባለቤቴ ዘንድ ሕክምናው ምግብ ነበር። ቁርስ፣ መክሰስ፣ ሁሉም። የነፍስ አባቷ ለጊዜው ጾሙን አቀለሉላት፤ መጠየቋ ራሱ ቀላል አልነበረም። ለእናቷም «እማዬ፣ ዜና ሲኖር እኔ እደውላለሁ» አለቻቸው። ከሕክምናው ሁሉ እሱ ይበልጣል የምል እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ የወር አበባዋ መጣ። ሞዴስ ግዛ ብላ ስትልከኝ እንደ ሎተሪ እየሮጥኩ ነው የወረድኩት።

ሁለተኛው ምርመራዬ ጥቅምት 2018 ላይ 21 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የጭንቀት፣ ስንቱ የጫት፣ ስንቱ የእንቅልፍ እንደሆነ ሐኪሙም አልለየልኝም። «አብረው መጡ፣ አብረው ሄዱ» ነው ያሉኝ። ለሌሎች ባልና ሚስቶች ያሉትን ልንገራችሁ፦ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ አብረው ሆነው ካልተፀነሰ ሁለቱም ይታዩ፤ ሴቷ ከ35 በላይ ከሆነች ስድስት ወር ነው። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ደግሞ ልጅ ብትፈልግም ባትፈልግም ትታይ፤ አጥንትም ይሳሳል። «ሁለቱም ይታዩ» ያልኩት አስምሬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ደረጃ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። እኛ እስካሁን እዛ አልደረስንም።

ገና አላረገዘችም። ይህን የምለው ታሪኩ በልጅ ያለቀ እንዳይመስላችሁ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ የሰደበኝ ደንበኛ እከሳለሁ ብሎ ደወለ፤ ያን ቀን ማታ እንደገና አልሆነም። እንደ ድሮው ግድግዳውን ልዞር ስል ባለቤቴ ትከሻዬን ያዘችና «ማን ደወለ ዛሬ?» አለች። ነገርኳት። «ሻይ ላፍላ?» አለች። ቅርንፉድ አብዝታበት ነበር። ጠጥተን ተኛን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልነቃሁም።